የእንግሊዝኛ ቅጥያዎች በአዳማ ታፔላዎች ላይ

እንግሊዝኛ ቃል ላይ ቅጥያ ሲጨመር አንዳንዴ ፊደል ይደገማል፣ አንዳንዴ ይወድቃል፣ አንዳንዴም ይለወጣል። አዳማ የሆቴልና የስብሰባ ከተማ ስለሆነች ሕጎቹን ለማየት ታፔላ ማንበብ ይበቃል።

«ስዊሚንግ ፑል»ን እንውሰድ። «ስዊም» ባለ አንድ ቀለም ቃል ነው። መጨረሻው ላይ አንድ አናባቢና አንድ ተነባቢ አለው። እንዲህ ያለ ቃል በአናባቢ የሚጀምር ቅጥያ ሲቀበል የመጨረሻው ተነባቢ ይደገማል፤ ስለዚህ ኤም ሁለት ነው። «ዌዲንግ» ሁለት ዲ፣ «ሾፒንግ» ሁለት ፒ የያዙትም በዚሁ ሕግ ነው። «ፓርኪንግ» ግን ኬን አይደግምም፤ «ፓርክ» ቀድሞውኑ በሁለት ተነባቢ ያልቃል።

የአዳማ ተማሪ እዚህ ጋ ቢወናበድ አይፈረድበትም። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ የሚጻፈው በቁቤ ነው። በቁቤ ተነባቢ ሲደገም ድምፁ ይጠብቃል፣ አናባቢ ሲደገም ይረዝማል። «አዳማ» ራሷ በቁቤ ስትጻፍ ከዲም ከኤምም በኋላ ኤ ሁለት ሁለት ነው። የ«ስዊሚንግ» ኤም ግን ስለተደገመ አይጠብቅም። ሥራው ሌላ ነው፦ ከሱ በፊት ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ይጠቁማል። ሆቴል ገብታችሁ «ዳይኒንግ ሩም» የሚለውን ከ«ዲነር» ጋር አስተያዩት። ኤን አንድ ሲሆን «ዳይ»፣ ሁለት ሲሆን «ዲ» ይባላል። በጆሮ ብቻ የሚጽፍ ሰው እዚህ ይሸወዳል።

«ዳይን» መጨረሻ ላይ የማትነበብ ኢ አለች። ቅጥያው በአናባቢ ሲጀምር ትወድቃለች። «ራይቲንግ»ም እንዲሁ ኢን ጥሎ በአንድ ቲ ይጻፋል፤ ሁለት ቲ የሚፈልገው «ሪትን» ነው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። «ሆፕፉል» ላይ ግን ቅጥያው በተነባቢ ስለሚጀምር ኢ ትቆያለች።

የመኪና ዕቃ መሸጫዎች የሚጽፉት «አክሰሰሪስ» ሌላ ሕግ ያሳያል፦ ከተነባቢ ቀጥሎ የመጣ ዋይ ወደ አይ ተለውጦ ኢ እና ኤስ ይከተሉታል። «ቦይስ» ላይ ከዋይ በፊት አናባቢ ስላለ ምንም አይነካም።

ረዘም ያሉ ቃላት ላይ ድምፁ የሚበረታበት ቦታ ይወስናል። «ቢጊን» መጨረሻው ላይ ስለሚበረታ «ቢጊኒንግ» ኤንን ይደግማል። ባነር ላይ የሚሰቀለው «ግራንድ ኦፕኒንግ» ግን አንድ ኤን ይበቃዋል። በዚህ ሕግ «ትራቭለር»ም አንድ ኤል ሊኖረው ይገባ ነበር፤ እንግሊዞች ግን ሁለት ያደርጉታል። አሜሪካኖች በአንድ ኤል ይጽፉታል፤ የኖህ ዌብስተር የ1828 እ.ኤ.አ. መዝገበ ቃላትም እንደዚያው ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንድ ብሮሹር ላይ መቀላቀል ግን አያምርም።