«ቀኑ ደርሶ ነው» እና ሌሎች ሳይት ላይ የሚሰሙ ነገሮች

ስለ ግንባታ ሠራተኞች ደህንነት እና ስለ ሠራተኛ ማኅበር ብዙ ሰው እውነት ብሎ የያዛቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹ ሰው ያስገድላሉ።

«ቀኑ ደርሶ ነው»

ይህ አባባል ለለቅሶ ቤት ጥሩ ነው፣ ያጽናናል። ሳይት ላይ ግን ጥያቄ ይዘጋል። የሊፍቱ ጉድጓድ ለምን አልተሸፈነም? በሐምሌ ዝናብ የመሠረት ቁፋሮው ግድግዳ ድጋፍ ሳይደረግለት ሰው ለምን ወረደበት? ያ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ስንተኛ ሕንፃው ነው? ከእነዚህ አንዱም የቀን ጉዳይ አይደለም። የወጪ እና የጥድፊያ ጉዳይ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ለ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ያ ሁሉ ስታዲየም እና መንደር ሲገነባ በግንባታው አንድም ሠራተኛ አልሞተም። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

«ሄልሜት ካደረገ ምን ይሆናል?»

ከአምስተኛ ፎቅ ለወደቀ ሰው ሄልሜት ምንም አያደርግለትም። ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ጉድጓዱ ይሸፈናል፣ ጠርዙ ይታጠራል፣ መወጣጫው ይጠናከራል። ሄልሜት እና ሴፍቲ ቤልት የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እነሱንም ማቅረብ፣ አጠቃቀማቸውንም ማሳየት የአሠሪው ግዴታ ነው። (እንግዳ ሊጎበኝ ሲመጣ ብቻ ከስቶር የሚወጣው ሄልሜት አይቆጠርም።)

«ጥፋቱ የራሱ ነው፣ ካሳ አያገኝም»

ከሁሉም በላይ ሠራተኛውን የሚጎዳው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ተጎጂው ራሱ ያምነዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሰውየው «ሸርተት ብሎኝ ነው» ማለቱ ብቻ መብቱን አያሳጣውም። በእርግጥ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። በግልጽ የተሰጠ የደህንነት መመሪያን የጣሰ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ የገባ ሰው ጉዳቱን ሆን ብሎ እንዳደረሰ ይቆጠራል። ታዲያ አሠሪው «መመሪያ ጥሷል» ካለ «የትኛውን? መቼ ነገራችሁት?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ብዙ ሳይት ላይ የተሰጠው መመሪያ «ቶሎ በሉ!» ብቻ ነው።

«ማኅበር ማለት አድማ ነው»

አድማ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ሕጉም ማስጠንቀቂያ እና ሌሎች ቅድመ ሁኔታዎች አስቀምጦለታል። የማኅበር ዋናው ሥራ የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ሠራተኞች በጋራ ስለ ሥራ ሁኔታቸው ከአሠሪው ጋር የሚያደርጉትን ውል፣ መደራደር ነው። የሥራ ላይ ደህንነት ደግሞ በዚያ ስምምነት ከሚካተቱት ጉዳዮች አንዱ ነው። አንድ ግንበኛ ብቻውን ፎርማኑን «ይሄ መወጣጫ አይታመንም፣ አልወጣም» ቢለው ነገ ሌላ ሰው ይተካበታል። ሠላሳው አንድ ላይ ሲሉት መወጣጫው ይሠራል። ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነው፣ ያን ያህልም ከባድ።

ደግሞ ማኅበር ለትልልቅ ፋብሪካ ብቻ አይደለም። 10 ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይችላል፤ ከ10 በታች የሆኑትም ከሌሎች ጋር ተሰባስበው ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። በሰብ ኮንትራክተር ሥር ለተበታተኑ ትንንሽ ቡድኖች ይህ ትልቅ በር ነው። መነሻውን ከ1955 ዓ.ም. የሚቆጥረው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) የሚቆመው ከታች ባሉት በእነዚህ ማኅበራት ላይ ነው።

«አባል ከሆንኩ ያባርሩኛል»

በሕግ የማኅበር አባልነት ለስንብት ምክንያት ሊሆን አይችልም። በተግባር ግን ለቀን ሠራተኛ ማንም የስንብት ደብዳቤ አይጽፍም፤ «ነገ አትምጣ» ይበቃል። ስለዚህ ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። ፎርማኑ አንድ በአንድ ለይቶ እንዳያወጣ በርከት ብሎ መመዝገብ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

«የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ ውል የለኝም»

የሥራ ውል በቃልም ይሆናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ፣ የተፈረመ ወረቀት መስጠት አለበት። ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ችግሩ ማስረጃ ላይ ነው። ጉዳት ሲደርስ ቀኑን እና ቦታውን መመዝገብ፣ አብረው የነበሩትን ስልክ መያዝ፣ የሳይቱን ፎቶ ማንሳት፣ የሐኪም ወረቀቱንም አለመጣል ያስፈልጋል። ሐኪም ቤት «ምን ሆነህ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅም «ቤት ወድቄ ነው» ሳይሆን «ሥራ ላይ ወድቄ ነው» ማለት።