አስተናግርና የአንጎል አጥር

አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ (ሳይንሳዊ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም)፣ በመንገድ ዳር፣ በቆሻሻ መጣያና በማሳ ውስጥ የሚበቅል፣ ነጭ ወይም ሐምራዊ የመለከት ቅርጽ አበባና እሾሃማ ፍሬ ያለው ተክል ነው። የዕጽዋት ሊቃውንት መነሻው አሜሪካ እንደሆነ ይናገራሉ። በአገራችን የባህል ሕክምና ቅጠሉ ለፎረፎርና ለቁስል፣ የፍሬው ጭስ ለጥርስ ሕመም ሲውል ኖሯል።

ስሙ ራሱ መረጃ ነው። የበላው ሰው ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ ከአየር ላይ የማይታይ ነገር ይለቅማል፣ ለጠየቁት ሌላ ይመልሳል። «አስተናግር» ብለው የሰየሙት አባቶችና እናቶች የተክሉ ኃይል ከሆድ አልፎ አእምሮ እንደሚደርስ ከማንም ላቦራቶሪ በፊት አስተውለዋል።

ወደ አንጎል መግባት ደግሞ ለሁሉም ንጥረ ነገር አይፈቀድም፤ በደምና በአንጎል መካከል አጥር አለ። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ፓውል ኤርሊክ በ1885 እ.ኤ.አ. በእንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ሲወጋ ሌላው አካል ሁሉ ሲቀባ አንጎል ሳይነካ ቀረ። እሱ ግን አንጎል ቀለሙን መያዝ ስለማይችል መሰለው። ተማሪው ኤድዊን ጎልድማን በ1913 ቀለሙን በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ሲጨምረው አንጎሉ ተቀባ፣ ሌላው አካል ቀረ፤ የመምህሩ ግምት በዚሁ ወደቀ። በ1967 ተመራማሪዎቹ ሪስና ካርኖቭስኪ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የአጥሩን ቦታ አሳዩ፦ የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚሸፍኑ ሕዋሳት እርስ በርስ ተጣብቀው መሹለኪያ አያስቀሩም።

ስለዚህ ማለፍ የሚፈልግ ንጥረ ነገር በሕዋሱ ስብ ውስጥ መሟሟት አለበት። ትንሽ መሆን፣ ስብ መውደድና የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) አለመሸከም ይጠቅመዋል። ይህን ሁሉ ቢያሟላም ፒ ግላይኮፕሮቲን የሚባለው ዘበኛ ፕሮቲን ከደጃፍ ሊመልሰው ይችላል፤ የተቅማጥ መድኃኒቱ ሎፐራማይድ ከሞርፊን ወገን ሆኖ ሳለ በተለመደው መጠን የማያሰክረው በዚህ ነው።

በአስተናግር ውስጥ ያሉት ዋና አልካሎይዶች (ናይትሮጅን ያለባቸው የዕጽዋት ንጥረ ነገሮች) ሃዮሲያሚንና ስኮፖላሚን ናቸው (ሃዮሲያሚን ሲጨመቅ ወደ አትሮፒን ይለወጣል)። ሁለቱም ትናንሽ ናቸው፤ አትሮፒን ክብደቱ 289፣ ስኮፖላሚን 303 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ነው። ልዩነታቸው በኤሌክትሪክ ሙል ላይ ነው። በደም ውስጥ ሙል ሳይሸከም የሚገኘው አትሮፒን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ከስኮፖላሚን ግን ሲሶ ያህሉ ነጻ ነው። ስኮፖላሚን በቀላሉ አንጎል የሚገባው፣ በትንሽ መጠንም የሚያፈዝና የሚያስረሳው በዋናነት ለዚህ ነው። ከገቡ በኋላ ሁለቱም በነርቮች መካከል መልእክት የሚያደርሰውን የአሴቲልኮሊንን መቀበያ ይዘጋሉ፤ ትውስታና ንቃት ይናጋሉ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ አፍ ይደርቃል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ሰውነት ይግላል።

የመድኃኒት ቀማሚዎች ይህን አውቀው አጥሩን ለራሳቸው ተገለገሉበት። በስኮፖላሚን ናይትሮጅን አቶም ላይ አራተኛ ማያያዣ ሲቀጥሉለት ቋሚ ሙል ይይዛል፣ በስብ አያልፍም፤ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ቡስኮፓን እንዲህ ተሠራ። ከአትሮፒን የተገኘው የአስም መድኃኒት አይፕራትሮፒየምም እንደዚያው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን የአስም ሕሙማን የአስተናግርን ቅጠል እንደ ሲጃራ ያጨሱ ነበር፤ አይፕራትሮፒየም ያንኑ ጥቅም ያለ ቅዠቱ ይሰጣል። ለመርዙ ማርከሻ የሚውለው ፊዞስቲግሚንም ከምዕራብ አፍሪካ ባቄላ የተገኘ ሲሆን አንጎል ይገባል፤ ዘመዱ ኒዮስቲግሚን ግን የኤሌክትሪክ ሙል ስለተሸከመ ከደጅ ይቀራል፤ የቃዠን ሰው አያነቃም።

በቀድሞው ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል የሌባ ፍለጋ ሥርዓት ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶና አጭሶ ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። መድኃኒቱ አስተናግር ነበረበት የሚሉ አሉ፤ የልጁ አኳኋን ከተክሉ ጠባይ ጋር ይገጥማል፤ ሆኖም ሁሉም አይስማሙም። ሥርዓቱ በራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽነት ዘመን ታገደ።

ዛሬ ተክሉ አደጋ የሚያደርሰው በአብዛኛው ሳይታሰብ ነው። ዘሩ ጥቁር፣ ትንሽና ጠፍጣፋ በመሆኑ ከእህል ጋር ሲታጨድ ይቀላቀላል፤ መቀቀልም መርዙን ጨርሶ አያጠፋውም። በ2019 እ.ኤ.አ. በኡጋንዳ ካራሞጃ በእርዳታ ዱቄት ውስጥ ከገቡ ከነዚሁ አልካሎይዶች 300 ያህል ሰዎች ታመው 5 ሞተዋል።