የአየር ንብረት ለውጥና የጤና ባለሙያው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ይህ የአካባቢ ጤና ባለሙያው ሥራ ነው፤ የእኛ ማከም ነው።»
በ2019 ይፋ በሆነ ስሌት መሠረት የዓለም ጤና ዘርፍ ከጠቅላላው ሙቀት አማቂ ጋዝ 4.4 በመቶ ያህሉን ይለቃል። አብዛኛው የሚመጣው ከጄኔሬተሩና ከአምቡላንሱ ሳይሆን ከሚገዛው መድኃኒትና ዕቃ ነው፤ ያንን የሚያዘው ደግሞ ሐኪሙ ነው። እናም ለጤና ባለሙያው ስለ አየር ንብረት የሚሰጠው ሥልጠና የቀለጠ በረዶ ከማሳየት ይልቅ ከማዘዣ ወረቀቱ ቢጀምር ይሻላል።

«ከሆስፒታል የወጣ ቆሻሻ ሁሉ ተላላፊ ስለሆነ ይቃጠል።»
የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 85 በመቶው ተራ ቆሻሻ ነው። የጓንት ካርቶንና የስሪንጅ መጠቅለያ ለተላላፊ ቆሻሻ የተመደበው ቢጫ ባልዲ ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ በባለሙያው ስንፍና አይደለም፤ የተራ ቆሻሻው ጥቁር ባልዲ ኮሪደር ላይ ስለተቀመጠ ነው። ሁለቱም ባልዲዎችና ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን (ሴፍቲ ቦክስ) መርፌው በሚወጋበት ቦታ፣ እጅ በሚደርስበት ይሁኑ። ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይታሸጋል። አንዴ የተቀላቀለን ቆሻሻ መልሶ መለየት ግን ክልክል ነው፤ መርፌ ይወጋል። ሁሉም እንደ ተላላፊ ይወገድ። ፒቪሲ (ክሎሪን ያዘለ የፕላስቲክ ዓይነት) ያለበት ዕቃ ከ850 ዲግሪ በታች በሚነድ ማቃጠያ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የተባለ መርዛማ ውህድ ይወጣዋል።

«ጓንት በበዛ ቁጥር ጥንቃቄው ይበዛል።»
ቆዳው ላልቆሰለ ሰው ክትባት ለመውጋት ጓንት ግዴታ አይደለም፤ የወጊው እጅም ቁስል የሌለበትና የታጠበ ይሁን። ደምና የሰውነት ፈሳሽ ባለበት ግን ድርድር የለም።

«የማደንዘዣ ጋዝ ኢምንት ነው።»
በሽተኛው የሳበው አይሶፍሉሬን የተባለው የማደንዘዣ ጋዝ ከሞላ ጎደል እንዳለ ተመልሶ ይወጣል፤ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 500 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ሌላው የማደንዘዣ ጋዝ ዴስፍሉሬን 2,500 እጥፍ ይደርሳል፤ ስኮትላንድ በ2023 ከሆስፒታሎቿ አስወጥታዋለች። በሽተኛው የወጣውን አየር መልሶ በሚስብበት ማሽን (ሰርክል ሲስተም)፣ የጋዙ መጠን ከተረጋጋ በኋላ፣ ወደ ማሽኑ አዲስ የሚገባውን ጋዝ በደቂቃ ወደ 1 ሊትር ማውረድ ይቻላል። ቅድመ ሁኔታው የሚሳበውን ኦክስጅንና የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያነብ ሞኒተር መኖሩ ነው። ሞኒተር ከሌለ አይሞከር። በማሽኑ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚመጥጠውን ሶዳ ላይም በቀለሙ ብቻ ማመንም አያዋጣም፤ አልቆ ወይን ጠጅ የሆነው ሲያርፍ ተመልሶ ነጭ ሊመስል ይችላል። የወጣው አየር ተመልሶ በማይሳብበት «ድሮው-ኦቨር» በተባለው ማሽን ግን ይህ ሁሉ አይሠራም።

«ብክለት መቀነስ ከበሽተኛው ላይ መቀነስ ነው።»
መዋጥ ለሚችልና ለማያስመልሰው ሰው ፓራሲታሞል በደም ሥር ሳይሆን በኪኒን ይሰጥ፤ ጠርሙሱ፣ መስመሩና ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) አያስፈልጉም፤ ካኑላው ሊያመጣ የሚችለው ኢንፌክሽንም አይኖርም።