«ላሊበላ ሄጃለሁ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

በአማርኛ «ላሊበላ ሄጃለሁ» እንላለን። «ባለፈው ዓመት ላሊበላ ሄጃለሁ» ብንልም ማንም አይገረምም። እንግሊዝኛ ላይ ግን እነዚህ ሁለቱ ይለያያሉ። ጎበዝ ተማሪዎች እንኳ ሲደናቀፉ የማየው እዚህ ጋ ነው።

መቼ እንደሄዳችሁ ሳትናገሩ፣ ቦታውን ማየታችሁን ብቻ ስታወሩ «አይ ሃቭ ቢን ቱ ላሊበላ» ትላላችሁ። ያለፈውን ጊዜ ከጠቀሳችሁ ግን «ሃቭ» ቦታ የለውም። «አይ ዌንት ቱ ላሊበላ ላስት ይር» ነው የሚባለው።

በታሪክ መለማመድ የምወደው ለዚህ ነው። ታሪክ ዓመት አለው፤ ዓመቱ ከተጠራ ደግሞ ምርጫው ያለቀለት ነው። «ኢትዮጵያ ዎን ዘ ባትል ኦቭ አድዋ ኢን 1896» (በእኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው)። አበበ ቢቂላም በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶን አሸነፈ፤ «ዎን» እንጂ «ሃዝ ዎን» አይባልም። ዓመቱን ብትተዉት እንኳ፣ አበበ ዛሬ በሕይወት ስለሌለ «ዎን» ነው የሚያስኬደው።

ሌላው የሚያሳስት ነገር «ሄዳለች» ነው። እህታችሁ ጎንደር ደርሳ ከተመለሰች «ሺ ሃዝ ቢን ቱ ጎንደር» በሉ። «ሺ ሃዝ ጎን ቱ ጎንደር» ካላችሁ ገና አልተመለሰችም ማለት ነው። ስልክ ደውሎ የሚፈልጋት ሰው ይህን ከሰማ «መቼ ትመጣለች?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ እሷ ግን ሳሎን ቁጭ ብላ ቡና እየጠጣች ነው።