በጎጃም የሚደርሱ የትራፊክ አደጋዎች መንስኤና የተጎጂዎች የካሳ መብት

በጎጃም የትራፊክ አደጋ ሲነሣ ቀድመው የሚጠቀሱት ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስዱት ሁለት አውራ መንገዶች ናቸው። ሁለቱም ዓባይ በረሃን አቋርጠው ደጀን ይደርሳሉ፤ አንደኛው በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዞሮ ሲሄድ ሌላው በቢቸናና በሞጣ በኩል ያቀናል። በእነዚህ መንገዶች አካሉን ያጣ ወይም የቤቱን አባወራ የቀበረ ቤተሰብ ካሳ የማግኘት መብት እንዳለው ሕጉ በግልጽ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ መብቱ ሥራ ላይ መዋሉ በአብዛኛው የሚወሰነው ችሎት ፊት ከሚደረገው ክርክር በፊት፣ ከአደጋው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት በሚጻፉና በሚፈረሙ ወረቀቶች ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከደጋው አፋፍ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ያን ያህል ይወጣል። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ የወንዙን መሻገሪያ አስተማማኝ አድርጎታል፤ አደጋው ያለው ግን በቁልቁለቱ ላይ ነው። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየጊዜው ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣልም። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙት ከባድ መኪናዎች ጤፍ፣ በቆሎ ወይም የአዊ ከሰል እስከ አፋቸው ጭነው ከደጀን ቁልቁል ይወርዳሉ። ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ጉልበት ከመያዝ ይልቅ እግሩን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ የሚወርድ ሾፌር የፍሬኑን ሸራ ያግለዋል፤ መጀመሪያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ጭስ ይታያል፣ በመጨረሻ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይይዝም። በዚህ ጊዜ ረዳቱ ታኮ (የጎማ ማገጃ) ይዞ ከጋቢና ለመዝለል ሲዘጋጅ ማየት መንገዱን ለሚያዘወትር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ደጋው ላይ የአደጋው መልክ ይለወጣል። መንገዱ ቀጥ ያለና ለጥ ያለ በመሆኑ ፍጥነትን ይጋብዛል፤ መንገዱን የሚጠቀመው ግን መኪና ብቻ አይደለም። በገበያ ቀን አህያ የሚነዳው፣ እንጨት የተሸከመችው፣ ከለቅሶ ወይም ከጠበል የሚመለሰው ሁሉ የሚሄደው በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከአስፋልቱ ውጭ ያለው ጭቃ ወይም ቦይ ነው። በከተሞቹ መግቢያና መውጫ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ከሲኖትራክ ጋር አንድ መስመር ይጋፋሉ፤ ጋሪው ደግሞ ሲመሽ መብራት የለውም። በክረምት በእንጅባራና በአካባቢው ጉም ሲወርድ ከፊት ያለውን መኪና ለመለየት እስኪቸግር ድረስ እይታ ይጠባል።

የፖሊስ መዝገብ የአደጋን መንስኤ ሲያሰፍር ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር፣ ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት፣ ርቀት አለመጠበቅ፣ ግራን ይዞ ማሽከርከር በሚሉ መደቦች ይከፋፍለዋል። አገላለጹ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሾፌሩን ለዚያ ያበቃውን ነገር አያሳይም። የቅጥቅጥና የአባዱላ ሾፌር ገቢ በምልልስና በተሳፋሪ ቁጥር ላይ ሲመሠረት ትርፍ መጫንና መሽቀዳደም የሥራው አካል ይሆናሉ። እንቅልፉን በጫት ገፍቶ ሌሊቱን የሚነዳው የጭነት መኪና ሾፌርም ብዙ ጊዜ የባለንብረቱን የመድረሻ ሰዓት እያሳደደ ነው። ሕጉ የካሳውን ዕዳ ከሾፌሩ አልፎ በባለንብረቱ ላይ መጣሉ በዚህ ምክንያት እጅግ ተገቢ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ፣ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት እንደማይድን ይደነግጋል። በአንቀጽ 2086 መሠረት ባለቤቱ ጥፋት የለብኝም፣ የአደጋው ምክንያት አይታወቅም ወይም ላስቀረው አልችልም ነበር ብሎ ነጻ ሊወጣ አይችልም፤ የሚረዳው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት መድረሱን ማስረዳት ነው። ስለዚህ «ፍሬን እምቢ አለ» የሚለው መልስ ሾፌሩን በወንጀል ክስ ሊጠቅመው ቢችልም ባለንብረቱን ከካሳ አያድነውም። ሾፌሩ በወንጀል በነጻ መሰናበቱም የፍትሐ ብሔሩን ፍርድ ቤት አያስረውም። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ደግሞ አደጋው በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ በቀር ሁለቱም እኩል እንዳደረሱት ተቆጥሮ ጉዳቱን እኩል ይካፈላሉ።

በዚህ ላይ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው መድን፣ ይጨመራል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህን መድን ሳይገባ መንገድ ላይ ሊወጣ አይችልም፤ መግባቱም በመስተዋቱ ላይ በሚለጠፈው ምልክት ይታወቃል። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ እስከ 2,000 ብር ጣሪያ አስቀምጦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደንብ ወጥቶ መጠኑ ከፍ ስላለ ባለጉዳዩ አደጋው በደረሰበት ቀን የሚጸናውን መጠየቅ ይኖርበታል። የሕክምና ተቋም አስቸኳይ ሕክምናውን ክፍያ አስቀድሞ ሳይጠይቅ መስጠት አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መድኑ የከፈለውን ጠቅላላ ካሳ አድርጎ በመውሰድ ነው። የመድኑ ጣሪያ የመድን ድርጅቱን ዕዳ እንጂ የባለንብረቱን ዕዳ አይወስንም። ለምሳሌ አራት ቃዳ (አንድ ሄክታር ያህል) መሬት የሚያርስ፣ በዓመት 60,000 ብር የተጣራ ገቢ የነበረው ገበሬ በሐኪሞች ቦርድ 40 በመቶ ዘላቂ የአካል ጉዳት ደርሶበታል ቢባልና ገና 20 ዓመት ሊሠራ የሚችል ቢሆን፣ ከገቢው ያጣው ብቻ ወደ 480,000 ብር ይጠጋል። የሕክምናውና የአስታማሚው ወጪ ከዚህ ውጭ ነው። በቀድሞው ጣሪያ ከመድን የሚገኘው 40,000 ብር ተቀንሶ የቀረው ከመኪናው ባለቤት ይጠየቃል። የገበሬ ገቢ በደመወዝ ወረቀት ስለማይታወቅ የመሬት ይዞታ ደብተሩ፣ የቀበሌው ግብርና ባለሙያ ስለ ምርቱ የሚሰጠው ማስረጃና የጎረቤት ምስክር ወሳኝ ናቸው። ልኩን በትክክል ማወቅ ካልተቻለ ፍርድ ቤቱ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2102 መሠረት በርትዕ፣ ማለትም ተገቢ የመሰለውን ገምቶ፣ ይወስናል፤ ማስረጃ የሌለው ክስ ግን በርትዕም ቢሆን የሚያገኘው ትንሽ ነው።

ሞት ሲደርስ ካሳ መጠየቅ የሚችሉት የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ተወላጆች ናቸው፤ በሟች እጅ ሲረዳ የኖረ ወንድም ወይም እህት በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለ ሐዘኑ የሚከፈለው የሞራል ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ክብደት ነበረው፤ ዛሬ ለተዝካሩ እንጀራ እንኳ አይበቃም፣ መሻሻልም ያለበት ድንጋጌ ነው።

ከሕጉ ጎን ለጎን፣ እንዲያውም ከሕጉ ቀድሞ፣ ሽምግልና አለ። ሰው የሞተበት ሾፌር ዘመዶችና ባለንብረቱ ደም እንዳይፈላለግ ብለው ገና ድንኳኑ ሳይፈርስ ሽማግሌና ቄስ ይልካሉ። የቀብሩን ወጪ ይሸፍናሉ፣ ጥቂት ገንዘብም ይጨምራሉ፤ ሟች ቤትም ከለቅሶው መካከል «ከእግዚአብሔር የመጣ ነው» ብሎ ይቀበላል። ይህ ልማድ ቂምን ማብረዱ የሚናቅ አይደለም። ችግሩ በእርቁ ማብቂያ ላይ በደብተር ወረቀት የሚጻፈው ውል ነው። «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ካሳ ላንጠይቅ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገባበታል፤ ማንበብ የማትችለው የሟች ሚስትም በአውራ ጣቷ ትፈርማለች። የዕርቅ ስምምነት በአንቀጽ 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ስለሚቆጠር ያች አሻራ የልጆቿን የብዙ ዓመት መተዳደሪያ ልትዘጋ ትችላለች። በቸልተኝነት ሰው መግደል በዐቃቤ ሕግ የሚከሰስ ወንጀል በመሆኑ እርቁ የወንጀል ክሱን አያስቀረውም፤ ሾፌሩ ጉዳቱን ለመካስ መጣሩ ግን በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቅጣት ማቅለያ ይሆንለታል። ስለዚህ እርቁን ተቀብሎ የካሳውን መብት መጠበቅ ይቻላል፦ የተሰጠው ገንዘብ የቀብር ርዳታ መሆኑንና የካሳ ጥያቄው እንዳልተነካ በውሉ ላይ ማስጻፍ በቂ ነው።

ከፍሎ የተሳፈረ መንገደኛ ሲጎዳ ጉዳዩ የማጓጓዝ ውል ነው። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አንቀጽ 597 የአጓጓዡን ኃላፊነት በ40,000 ብር የሚገድበው ሲሆን፣ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ለሠራው ጥፋት ግን ገደቡ አይሠራለትም፤ ስለዚህም ትርፍ መጫኑንና ፍጥነቱን አብረው የተሳፈሩ ሰዎች እንዲመሰክሩ ስማቸውን ወዲያው መያዝ ይጠቅማል። ረዳቱ በሥራ ላይ እያለ ከተጎዳ የሚጠይቀው በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ነው።

ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ለጎዳው ሰው የመድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ አሁን የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ፈንዱም ሆነ መድን ድርጅቱ የሚጠይቁት ዋና ሰነድ የትራፊክ ፖሊስ ያነሣው የአደጋ ፕላን (የአደጋው ቦታ ንድፍ) እና ሪፖርት ነው። በተለይ በገጠር ተጎጂው በማንኛውም መኪና ተጭኖ ወደ ጤና ጣቢያ ከተወሰደ በኋላ ማንም ሳያመለክት ይቀርና ፕላኑ ሳይነሣ የጎማው ምልክት ይጠፋል።

የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ) ያለው ወንጀል ከሆነ ግን ረዘም ያለው ይጸናል። ሕክምናው እስኪያልቅ ወይም የወንጀሉ ፍርድ እስኪሰጥ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ጊዜ ይርጋው ያልፍበታል፤ የአካል ጉዳቱ መጠን ገና ያልታወቀ ቢሆንም ክሱን አቅርቦ የቦርዱን ውሳኔ በኋላ ማያያዝ የተሻለ ነው። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ተጎጂ ከቀበሌው የድህነት ማስረጃ አምጥቶ፣ በቃለ መሐላ አረጋግጦ፣ ክሱ በደሃ ደንብ እንዲታይለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል።