በእንግሊዝኛ ማነጻጸሪያ ከ«ዛን» (than) በኋላ ቃል መዝለል ምንድን ነው?

«‹ሺ ኢዝ ቶለር ዛን ሚ› ጎደሎ እንግሊዝኛ ነው፤ ሙሉውን ጻፉ» የሚል አራሚ ደግሞ መጣ። ጌታዬ፣ ሙሉው ምን ሊሆን ነው? «ሺ ኢዝ ቶለር ዛን አይ አም ቶል»? እንዲህ የሚል እንግሊዝ ከየት ይመጣል! የመጨረሻዋን «ቶል» መጣል ስንፍና አይደለም፣ ግዴታ ነው። «አም»ን ግን ማቆየትም መጣልም ይቻላል።

ማነጻጸሪያን እንደ ባለሁለት ሳህን ሚዛን እዩት። ከሁለቱም ሳህን እኩል ክብደት ብታነሱ ያዘነበለው እንዳዘነበለ ይቀራል። እዚህም የሚነሳው በሁለቱም ወገን ያለው አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ የሚለያየው አይነካም። (እንግሊዝኛ የሚያነሳው ከቀኙ ሳህን ብቻ ነው፤ ግራው ላይ ስለተጻፈ አንባቢው ከዚያ ይሞላዋል።) «ዘ ቴብል ኢዝ ሎንገር ዛን ኢት ኢዝ ዋይድ» ላይ «ዋይድ» የማትነሳውም ለዚህ ነው፤ ርዝመት በስፋት እየተመዘነ ነዋ።

ችግር የሚመጣው ባዶው ቦታ በሁለት መንገድ መሞላት ሲችል ነው። «አይ ኖው ሄር ቤተር ዛን ዩ» በሉ። አንተ ከምታውቃት በላይ አውቃታለሁ ማለት ነው፣ ወይስ አንተን ከማውቅህ በላይ እሷን አውቃታለሁ? አንድ «ዱ» መጨረሻው ላይ ጣል ብታደርጉ የመጀመሪያው ብቻ ይሆናል። ሁለተኛውን ከፈለጋችሁ «ዛን አይ ኖው ዩ» በሉ። «ሂ» እና «ሂም»ን መለየት ይበቃል የሚሉ አሉ፤ በመደበኛ ጽሑፍ ይረዳል፣ ግን በንግግር ብዙዎች ለሁለቱም «ዛን ሂም» ስለሚሉ አድማጭ በዚያ መተማመን አይችልም፣ «ዩ» ደግሞ ባለቤትም ሆነ ተሳቢ ሲሆን ያው «ዩ» ነው።

ሳህኖቹ ላይ የማይገናኝ ዕቃ የሚጭኑም አሉ። «ዘ ፖፑሌሽን ኦፍ ቶኪዮ ኢዝ ላርጀር ዛን ኦሳካ» የሕዝብ ብዛትን ከከተማ ጋር ይመዝናል። ሐሳቡ ይገባል፣ ጥንቁቅ አርታኢ ግን «ዛን ዛት ኦፍ ኦሳካ» ያደርገዋል።

ሙሉ መጻፍ ደግሞ ሁሌ አያድንም። «ሂ ኢዝ ፋስተር ዛን ኤኒዋን ኢን ሂዝ ቲም» የጎደለው «ኤልስ» («ሌላ») ነው፤ እሱ ራሱ ቡድኑ ውስጥ አለና። አራሚያችን እንደሚወደው ጫፉ ላይ «ኢዝ» ቢጨመርበትም ሰውየው ከራሱ መፍጠኑን አይተውም።