ሃክ ማድረግ ስርቆት ብቻ ነው?

የጓደኛችን የቴሌግራም አካውንት ድንገት «ብር አበድረኝ» እያለ ለሁሉም ሰው መጻፍ ሲጀምር «ሃክ ተደርጓል» እንላለን። ግሱ ከእንግሊዝኛ መጥቶ ቤተኛ ሆኗል። አብረውት የገቡ የተሳሳቱ ሐሳቦች ግን አሉ።

«ቃሉ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ነው»

አይደለም። እንግሊዝኛ ውስጥ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ የነበረ ግስ ነው። በስለት መቆራረጥ፣ መከታተፍ ማለት ነው። ዛሬም በዚህ ትርጉም ይሠራበታል።

«ሲጀመርም የሌባ ሥራ ነበር»

በጣም የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። የአሁኑ ትርጉም ያደገው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ውስጥ ነው። እዚያ ትንንሽ ባቡሮችና ሐዲዶች የሚሠሩ ተማሪዎች ክበብ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1955 የተያዘ ቃለ ጉባኤያቸው፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ የሚሠራ ወይም «ሃክ የሚያደርግ» ሰው ፊውዝ እንዳይቃጠል ኃይሉን እንዲያጠፋ ያሳስባል። በቴክኒክ ትርጉሙ ተጽፈው ከተገኙት ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው። ስርቆት የሚባል ነገር የለበትም። ነገሩን ከፍቶ ማየት፣ መነካካት፣ ማንም ባላሰበው መንገድ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ከክበቡ አባላት አንዳንዶቹ በ1962 «ስፔስዋር» የተባለውን፣ ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታዎች አንዱን ሠርተዋል።

እዚያው ተቋም ተማሪዎች የሚሠሩት ረቀቅ ያለ ቀልድም «ሃክ» ይባላል። በ1994 የፖሊስ መኪና የሚመስል ነገር የተቋሙ ሕንፃ ትልቁ ጉልላት አናት ላይ አውጥተው አስቀምጠዋል። ለእነሱ «ሃከር» መባል ሙገሳ ነበር።

«ስሙን ያጠፉት ጋዜጠኞች ናቸው»

ይህን የሚሉት ቃሉን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ግማሹ ብቻ እውነት ነው። በኅዳር 1963 የራሱ የተቋሙ የተማሪዎች ጋዜጣ የስልክ አገልግሎት ስለሚያበላሹ «ሃከሮች» ጽፏል። ጥፋቱ ከውስጥም ነበር ማለት ነው። ሕዝቡ ቃሉን በመጥፎ ጎኑ በደንብ የሰማው ግን በ1983 ነው። የአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ወጣቶች የኒውክሌር ምርምር የሚደረግበትን የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪን ጨምሮ የበርካታ ተቋማትን ኮምፒውተሮች ሰብረው ገቡ። ወሬው አገሩን አዳረሰ፤ ቃሉም እዚያው ላይ ቀረ።

«ሃከር ሁሉ ወንጀለኛ ነው»

ልዩነቱ ፈቃድ ነው። የኢንተርኔት ማሰሻ (ብራውዘር) ሠሪው ኩባንያ ኔትስኬፕ በ1995 የሶፍትዌሩን ቀዳዳ ፈልገው ለሚያሳዩት ሽልማት መስጠት ጀመረ። ዛሬ ትልልቅ ኩባንያዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ኮምፒውተር መፈታታት የሚወድ ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ልጁን በዚህ ቃል አታስፈራሩት። ያለ ፈቃድ የሰው ቤት እንደማይገባ፣ የሰው ሲስተምም እንደማይገባ ንገሩት። ከዚያ ይማር።

«አካውንቴን ሃክ አደረጉት»

ብዙ ጊዜ ማንም ምንም አልሰበረም። አንድ ሰው ደወለ ወይም ጻፈ፤ «በስህተት አንተ ጋ የመጣውን ኮድ ላክልኝ» አለ፤ ተላከለት። ይሄ ማጭበርበር ነው። ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም «ሃክ ተደረግኩ» ያለ ሰው ምንም ማድረግ እንደማይቻል አምኖ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ ለእናት ልጅም አይሰጥም። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስገቡ። አካውንታችሁ የተከፈተባቸውን ስልኮች ዝርዝርም እዚያው እዩና የማታውቁትን አስወጡ።